ቢሬሳው ሞቷል ወይስ ተኝቷል

ወይዘሮ ደስታነሽ በዚህ ዓለም የማይፈሩት ነገር ቢኖር መጠየቅ ብቻ ነበር። ሌላውን ሁሉ ይፈራሉ። የጉድጓድ አፋፍ ይፈራሉ፤ የማይጮኽ ውሻ ይፈራሉ፤ በላብ ላይ የሚጠጣ ውሃ፣ በእርጥብ ፀጉር የሚወጣበት ንፋስ፣ ከጭነቱ በላይ ሰው የጫነ መኪና ይፈራሉ። ከሁሉ ከሁሉ ደግሞ ለልጅ ልጃቸው ለወለላ ይፈራሉ። ወለላ ሰባት ዓመቷ ነው፤ እሳቸው ግን ትናንት የተወለደች ይመስል ስታስነጥስ እንኳ ደንግጠው ይነሣሉ።

መጠየቁ ከልጅነታቸው ያለ ነው። ሰላሌ፣ አባታቸው ቤት ሳሉ፣ «ጤዛ ከላይ ነው ከታች የሚመጣው?» «ዶሮ ውሃ ስትጠጣ ለምን ሰማይ ታያለች?» እያሉ መውጫ መግቢያ ቢያሳጧቸው አባታቸው «ለምኔ» የሚል ስም አወጡላቸው። ፀጉራቸው ሸብቶ፣ ባላቸውን ቀብረው፣ ልጆቻቸውን ድረውም ያ ስም አልለቀቃቸውም።

ነጌሌ ቦረና የገቡት በ1976 ዓ.ም. ሐምሌ በገባ በማግሥቱ ነው። ልጃቸው ብዙወርቅ እዚያ አስተማሪ ናት፤ ባሏ ለሥራ ወደ ዶሎ ኦዶ ይመላለሳል። «እማዬ፣ ወለላን የሚያይልኝ ሰው የለኝም» ብላ ጻፈች። ደብዳቤውን ራሳቸው አነበቡት፤ በልጅነታቸው ፊደል ቆጥረዋል፣ በመሠረተ ትምህርቱም ጊዜ ምስክር ወረቀት ተቀብለዋል። አንብበው ሳይጨርሱ ጓዛቸውን መሸከፍ ጀመሩ። ወቅቱ ክረምት ነውና ጃንጥላና ሁለት ጋቢ ያዙ። በተጨማሪም በሦስት የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ሦስት የወይራ ችግኝ ያዙ። ለሄዱበት ደብር ዛፍ መትከል የተሳሉት ስለት ነበር።

ከመኪናው ሲወርዱ የተቀበላቸው አቧራ ነው። ሰማዩ ደመና ነው፤ ብርዱም የሐምሌ ብርድ ነው፤ ጠብታ ግን የለም።

«ምነው? ሐምሌ ምን ነካው?»

«የዚህ አገር ሐምሌ እንዲህ ነው እማዬ።»

«ሐምሌ ደግሞ የዚህ አገር፣ የዚያ አገር አለው እንዴ? ሐምሌ ሐምሌ ነው!»

በጴጥሮስ ወጳውሎስ ዕለትም፣ እንደ አገራቸው ወግ፣ ሁለቱን ወይራ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ተከሉ። መስከረም ሳይጠባ ሁለቱም እንደ ክብሪት እንጨት ደረቁ። ሦስተኛዋን ልባቸው ስላልጨከነ ከነቆርቆሮዋ መስኮት ሥር አኖሯትና የፊታቸውን እጣቢ እያጠጡ አቆዩዋት። «አንቺስ ምን ሆንሽ? አፈሩ ነው ወይስ እኔ ነኝ?» እያሉ ጧት ጧት ይጠይቋታል።

በዚያ ቅጽር ትልቅ ዛፍ አንድ ብቻ ነበር። ቦረናዎች ቢሬሳ ይሉታል። ግንዱን ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ ነው የሚያቅፈው። ከሥሩ መሪጌታ ወልደሥላሴ ሕፃናት ሰብስበው ፊደል ያስቆጥራሉ፤ ወለላም እዚያው ትውላለች። ወይዘሮ ደስታነሽ መጀመሪያ ሲያዩት ቅጠሉ መቅላት ጀምሮ ነበር። ነሐሴ ላይ ዛፉ ሁሉ የበሰለ በርበሬ መሰለ። ከዚያ ረገፈ። ቅጠሉ ካለቀ በኋላ ክንፍ ያላት ደረቅ ፍሬ መርገፍ ጀመረች፤ ልጆቹ ወደ ላይ እየወረወሩ እንደ ቢራቢሮ ስትሽከረከር ያሯሩጧታል።

«የኔታ፣ ይኼ ዛፍ ታሟል» አሏቸው አንድ ቀን መሪጌታን።

«ልማዱ ነው። ሐጋያ ሲመጣ ያወጣል።»

«ሐጋያ ማን ነው?»

«ሰው አይደለም፤ የመስከረምና የጥቅምት ዝናብ ነው» አሉ መሪጌታ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው።

የዚያን ዓመት ግን ሐጋያ ቀረ። ኅዳርም ታኅሣሥም በፀሐይ አለፉ። ከተልተሌና ከአሬሮ የመጣ ሰው ሁሉ የሚያወራው የከብት እልቂት ነው። ቢሬሳው ዕርቃኑን ቆሞ ጥር አለፈ። አረንጓዴ ነገር ቢኖረው ከላይ፣ ሁለት ትልልቅ ቅርንጫፎች በሚለያዩበት መንታ ላይ የበቀለ ተቀጽላ ብቻ ነው። ሰዉም እያየ «ተቀጽላው መጥጦ ገደለው» ይል ጀመር።

የካቲት በገባ በሳምንቱ፣ ጧት ላይ፣ አውሎ ንፋስ ተነሣ። ከዛፉ አንድ የጭን ያህል የወፈረ ቅርንጫፍ ተገንጥሎ ወለላ የተቀመጠችበት ድንጋይ ላይ ወደቀ። ወለላ በዚያች ቅጽበት ክንፋም ፍሬ ልትይዝ ሦስት እርምጃ ሮጣ ነበር። ቅርንጫፉ ያገኘው የፊደል ገበታዋን ነው፤ ለሁለት ሰበረው።

ወይዘሮ ደስታነሽ የተሰበረውን ገበታ ታቅፈው ሦስት ቀን እህል አልቀመሱም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሰበካ ጉባኤው ሲሰበሰብ ማንም ሳይጠራቸው ገብተው ቆሙ።

«እኔ መጤ ነኝ፤ አገሩን አላውቅም» አሉ። «ሞትን ግን አውቃለሁ። ትናንት ቅርንጫፉ ነው፤ ነገ ግንዱ ነው። የማንን ልጅ ሬሳ እስክናነሣ ነው የምንጠብቀው?»

እናቶች አብረዋቸው ጮኹ። መሪጌታ ወልደሥላሴ ብቻ «ትልቁን ዝናብ፣ ጋናን፣ እንጠብቅ፤ አንድ ወር ተኩል ነው የቀረው» ቢሉ ወይዘሮ ደስታነሽ ዞረው አፈጠጡባቸው። «የኔታ፣ እርስዎ ከቅርንጫፉ ሥር የተቀመጠ ልጅ የለዎትም!» መሪጌታ አንገታቸውን ደፉ።

ሊቀ መንበሩ አቶ ደሳለኝ የጤና ጣቢያ ድሬሰር የነበሩ ጡረተኛ ናቸው፤ ያልተጻፈ ነገር ተደረገ ብለው አያምኑም። ደብተራቸውን ገልጠው ጻፉ፤ የደረቀው ቢሬሳ፣ ቆራጭ ከአሬሮ ሲመጣ፣ ሰኞ መጋቢት ዐሥራ ስድስት ቀን ይቆረጣል፤ እንጨቱ ለደጀ ሰላሙ ጣራ ይሆናል። ወይዘሮ ደስታነሽ በዚያ ሌሊት ገና በደንብ ተኙ።

ዐቢይ ጾም ገባ። በጾም ወተት የሚገዛ ጥቂት ነው፤ ዱቤ ግን ልጅ ያለበትን ቤት እየለየች ትመጣለች። ዱቤ ከከተማው ወጣ ብላ የምትኖር የቦረና ሴት ናት። ላሞቿ በድርቁ ነጥፈው በጮጮዋ የምታመጣው የፍየል ወተት ነው፤ እሱም ከሁለት ኩባያ አያልፍም።

«ናጋ፣ አዴ ደስታ?» አለች መጋቢት ሰባት ቀን ቅዳሜ፣ በሩ ላይ ቆማ።

«ናጋ፣ ናጋ» አሉ ወይዘሮ ደስታነሽ። ከኦሮምኛ የያዙት ያችን ሰላምታ ብቻ ስለሆነ እንዳታንስባቸው ሁለቴ ነው የሚሏት።

ወተቱን ገልብጠው ሲያበቁ ወለላን ሊያመጡ ነበርና አብረው ወጡ። መንገድ ላይ የሆነውን ሁሉ አጫወቷት፤ የንፋሱን፣ የገበታውን፣ የሰኞውን መጥረቢያ። ቅጽሩ ሲደርሱ ዱቤ ጮጮዋን መሬት አስቀመጠች።

«ማን ነው ሞተ ያለው?»

«እኔ።»

«አንቱ አይተሽው ነው?»

«በስድስት ወር አንድ ቅጠል ያላወጣ ዛፍ ምን ይታያል?»

ዱቤ ወደ ዛፉ ቀረበችና በምሥራቅ በኩል፣ ሕፃናቱ ይቀመጡበት ከነበረው ቦታ በላይ ያለውን ዝቅተኛ ቅርንጫፍ በአውራ ጣቷ ጥፍር ጫረችው። ቅርፊቱ ሥር እንደ ትንባሆ የጠወለገ ቡናማ ነው። «ይኼ ሞቷል» አለች። በምዕራብ ዞራ ሌላ ቅርንጫፍ ጫረች። እዚያ፣ ከግራጫው ቅርፊት ሥር፣ የክር ያህል ቀጭን አረንጓዴ ታየ። ጣቷን ወይዘሮ ደስታነሽ እጅ ላይ አሸት አደረገችው፤ እርጥብ ነው። «ይኼ ተኝቷል።»

ወይዘሮ ደስታነሽ መነጽራቸውን ከጉያቸው አውጥተው አደረጉ። አዩት። አሸተቱት። ራሳቸውም በጥፍራቸው ጫሩ።

«ዛፍ ይተኛል?»

«ቦና ነው። ቦና ሁሉም ይተኛል። ጋና ሲመጣ ይነሣል።»

«ቆይ፣ አንድ በአንድ ንገሪኝ» አሉ ወይዘሮ ደስታነሽ መሬት ላይ ቁጭ ብለው። ዱቤ በጣቷ ቆጠረችላቸው። ጋና ትልቁ ዝናብ ነው፤ መጋቢት ሊያልቅ ሲል ይጀምራል። ቀጥሎ አዶሌሳ ነው፤ ደመናና ብርድ ብቻ። ቀጥሎ ሐጋያ፣ ትንሹ ዝናብ። ከዚያ ቦና፣ ረጅሙ ፀሐይ።

«አዶሌሳ ማለት ሐምሌ ነው?»

«ሐምሌ ነው።»

«እኔ እኮ ወይራዎቼን የተከልኩት በሐምሌ ነው!»

ዱቤ አፏን በእጇ ያዘች። «በአዶሌሳ ዛፍ ተከልሽ? አዴ ደስታ! ሰው ዝም ቢልሽ ፍየል አልሳቀብሽም?»

ሁለቱም ሳቁ። ወይዘሮ ደስታነሽ ሳቁና ወዲያው ደግሞ ፊታቸው ጠቆረ።

«እንግዲያው ይኼኛው በምን ያውቃል? ዝናቡ ሳይመጣ ጋና መቅረቡን ማን ይነግረዋል?»

«እኔ እንጃ። እኛም እኮ እሱን አይተን ነው የምናውቀው። መጀመሪያ እሱ ያወጣል፤ ኋላ ዝናብ ይመጣል።»

«ዘንድሮስ ባያወጣ?»

ዱቤ ጮጮዋን አንሥታ ትከሻዋ ላይ አደረገች። «ባያወጣ ሞቷላ» አለችና ሄደች።

ማግሥቱ እሑድ ደብረ ዘይት ነበር። ወንጌል ሲነበብ ወይዘሮ ደስታነሽ ከሴቶቹ መካከል ቆመው የሰሙት ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁትን ነው፤ የበለሷ ቅርንጫፍ ሲለሰልስና ቅጠሏ ሲያቆጠቁጥ ሰው ወቅቱ መቅረቡን እንደሚያውቅ። ሃምሳ ዓመት ስለ ዓለም ፍጻሜ እየፈሩ ሰምተውታል። ስለ ዛፍም መሆኑን ያን ቀን ገና አስተዋሉ። ከቅዳሴ በኋላ መሪጌታን በር ላይ ጠበቋቸው።

«የኔታ፣ ያን ዕለት ክፉ ቃል ተናግሬዎታለሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

«እግዚአብሔር ይቅር ይበለን። ለልጅ የፈራ ሰው የተናገረውን ማን ይቆጥራል?»

«እንግዲያው አንድ ነገር ልጠይቅ። በሰኔ ካህናቱ ስለ ዝናም ይጸልያሉ፤ እኛም አቤቱ እንላለን። እዚህ አገር ሰኔ ደረቅ ከሆነ ያ ሁሉ ጸሎት የት ነው የሚሄደው?»

መሪጌታ ጢማቸውን ይዘው ሳቁ። «ሰላሌ ይሄዳላ! እኛ እዚህ በደረቅ እንለምናለን፤ ዘመዶችዎ እዚያ ጤፍ ያጭዳሉ።»

«እነሱስ? በመጋቢት ለእኛ ይለምኑልን ይሆን?»

መሪጌታ መሳቃቸውን ተዉ። «ይኼን» አሉ፣ «ይኼን ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም።»

ከዚያ የመቁረጡ ነገር እንዲቀር ሊለምኑ አቶ ደሳለኝ ቤት ሄዱ። አቶ ደሳለኝ እስኪጨርሱ ሰሟቸው፤ ከዚያ ደብተሩን አምጥተው ገጹን አሳዩአቸው።

«እትዬ ደስታነሽ፣ በቃለ ጉባኤ ሰፍሯል።»

«ይፋቅ!»

«ቃለ ጉባኤ አይፋቅም። በሌላ ቃለ ጉባኤ ነው የሚሻረው።»

«ሌላ ይጻፉ እንግዲያ።»

«ምን ብዬ? ‹ወተት ሻጯ ዱቤ በጥፍሯ ስለ ጫረች› ብዬ?» ደብተሩን ዘጉት። ድምፃቸው ግን የፌዝ አልነበረም። «እትዬ፣ እኔ ያን ዛፍ ጠልቼ አይደለም። እዚህ አገር ስመጣ የመጀመሪያውን ምሳ የበላሁት ከሥሩ ነው። ያስፈራሩኝ እርስዎ ነዎት፤ እውነትዎንም ነው። ቢወድቅና አንድ ልጅ ቢሞት ‹ተኝቷል ተብዬ ነው› ብዬ ለእናትየዋ ልናገር?»

 የተሰበረችው ገበታ በወይዘሮ ደስታነሽ ፊት ድቅን አለች። ሞቶ ከሆነና ካተረፉት ወለላን በገዛ እጃቸው ከሥሩ ሊያስቀምጧት ነው፤ ሕያው ሆኖ ከተቆረጠ ደግሞ ገዳዩ የእሳቸው አፍ ነው።

«ቅጠል ያሳዩኝ» አሉ አቶ ደሳለኝ። «እስከ ሰኞ ሳምንት ጧት አንድ ቅጠል ያሳዩኝና ውሳኔውን ራሴ አሽረዋለሁ።»

ስምንት ቀን ነበራቸው። ወለላን መሪጌታ፣ ከንፋሱ ማግሥት ጀምሮ፣ ከሌሎቹ ልጆች ጋር ወደ ቅጽሩ ግንብ ጥግ ስለ ወሰዷት እሱ ሐሳብ ቀለለላቸው። ጧት ጧት የቤተሰቡን የፊት እጣቢ በባልዲ አጠራቅመው ወስደው ከሥሩ ያፈሱታል። በዚያ ወር ከቦኖው አንድ እንስራ ውሃ ለመቅዳት ግማሽ ቀን ያሰልፋል።

«እማዬ፣ ሰው ምን ይለናል?» ትላለች ብዙወርቅ።

«የገዛ ፊቴ እድፍ ነው፤ የማንን ነካሁ?»

ሰዉማ አለ። ከቦኖው የሚመለሱ ሴቶች በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው «እማማ፣ ሬሳ እያጠቡ ነው?» ይሏቸዋል።

«ሬሳ ከሆነ ይታጠብ፤ በሽተኛ ከሆነ ይጠጣ!» ይላሉ እሳቸው ቀና ሳይሉ።

መነጽራቸውን አድርገው ቀንበጥ በቀንበጥ ያያሉ። እንዲህ ሆነው ዛፍ አይተው አያውቁም። ጉንዳኖች በምዕራቡ ቅርንጫፍ ይወጣሉ፣ በምሥራቁ አይወጡም፤ ለምን? ሦስተኛው ቀን ላይ አንዲት ትንሽ ቢጫ ወፍ ገለባ ይዛ መጥታ ከቅርንጫፉ ጫፍ ላይ መቋጠር ጀመረች። ጎጆዋን የምታንጠለጥለው በምን ተማምና ነው? በየቀንበጡ ጫፍ ያሉትን ጥቁር ጉጦች ትናንት የጤፍ ፍሬ ያክሉ እንደ ነበር፣ ዛሬ የሰሊጥ እንደሚያክሉ ይምላሉ። ማታ ደግሞ ራሳቸውን ይጠራጠራሉ፤ የሚፈልግ ዓይን የሚፈልገውን ያያል።

ቅጠል ግን አልመጣም። ዐርብም አልመጣም፣ ቅዳሜም አልመጣም። እሑድ ገብር ኄር ነበር፤ ጌታው አደራ ሰጥቶት የሄደ ታማኝ አገልጋይ የሚወሳበት ሰንበት። ወይዘሮ ደስታነሽ ሰምተው ሲያበቁ እንደ ሌላው ሰው ወደ ቤታቸው አልሄዱም። ከቢሬሳው ሥር ቆመው ወደ ላይ ተመለከቱ። ያለ ሐሳብ ተቀጽላውን እያዩ ነበር። አረንጓዴ ነው። ደማቅ፣ ለምለም አረንጓዴ።

«ቆይ» አሉ ብቻቸውን። «አንተስ ከየት ነው የምትጠጣው?»

ሰኞ ጧት አብዱባ መጣ። ከአሬሮ የመጣ ረጅም፣ ቀጭን እንጨት ቆራጭ ነው፤ መጥረቢያውን በትከሻው፣ ገመዱን በወገቡ አድርጓል። አቶ ደሳለኝ ደብተራቸውን ይዘዋል። መሪጌታ ከነተማሪዎቻቸው ግንቡ ጥግ ቆመዋል፤ ከቦኖው የሚመለሱትም ሴቶች እንስራቸውን አውርደው ለወሬ ቆሙ። ወይዘሮ ደስታነሽ ከግንዱ ሥር፣ ያች ገበታ የተሰበረችበት ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

«እሺ እትዬ። ቅጠሉስ?»

ሊዋሹ ይችሉ ነበር። አቶ ደሳለኝ ዓይናቸው ደክሟል፤ ከተቀጽላው አንድ ቅጠል ቢያወርዱላቸው ማን ይለያል? ሐሳቡ ሌሊቱን ሲመላለስባቸው አድሮ ነበር።

«ቅጠል አላገኘሁም» አሉ ወይዘሮ ደስታነሽ። «ያገኘሁት መዥገር ነው።»

«ምን?»

«ያን ተቀጽላ አያዩም? ሁላችሁም እሱ ገደለው ትላላችሁ። እኔም ብያለሁ።» ወደ አብዱባ ዞሩ። «አንተ ከብት ታውቃለህ። በሬ ሲሞት መዥገሩ ምን ይሆናል?»

አብዱባ አልጠበቀውም ነበር። «ይወርዳል» አለ። «ደም የለማ። ሌላ ይፈልጋል።»

«ከሞተ ላይ አይቀመጥም?»

«ከሞተ ላይ ምን ይሠራል!»

«እንግዲያው ይኼ መዥገር በስድስት ወር ፀሐይ እንዲህ የለመለመው የማንን ደም እየጠጣ ነው?»

 አብዱባ አንገቱን ቀና አድርጎ ወደ መንታው ረጅም ጊዜ ተመለከተ፤ ከዚያ ጥርሱ በሙሉ ታየ። በኦሮምኛ አንድ ነገር አለና ወደ አቶ ደሳለኝ ዞረ። «ጋሼ፣ አሮጊቷ እውነት አላት።»

«ቅጠል ነው ያልኩት» አሉ አቶ ደሳለኝ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ቅድሙ አልጠነከረም። «የወደቀውስ ቅርንጫፍ? እሱም ተኝቶ ነበር?»

«እሱ ሞቷል!» አሉ ወይዘሮ ደስታነሽ ብድግ ብለው። «የምሥራቁ ክንድ ሁሉ ሞቷል፤ ጉንዳን እንኳ አይወጣበትም። እሱን አስቆርጡ፤ ዛሬውኑ! አንድ ቀን አይደር፤ ልጆቻችን ላይ ነው ያለው። የምዕራቡን ግን እስከ ፋሲካ ተዉልኝ። እስከ ፋሲካ ካላወጣ መጥረቢያውን የማቀብለው እኔ ነኝ።»

አብዱባ ገመዱን አስሮ ወጣ። የምሥራቁን ክንድ ሦስት ቦታ ቆርጦ በገመድ አወረደው፤ ውስጡ ተቦርቡሮ ዱቄት ሆኗል። ሴቶቹ አይተው «ኧረ ልጆቹን ማርያም ናት የጠበቀች!» አሉ። ከዚያ መንታው ላይ ሆኖ የምዕራቡን ክንድ አንድ ጊዜ፣ በመጥረቢያው ጫፍ፣ ቀስ አድርጎ ነካ አደረገው። ከቁስሉ የወጣውን እርጥበት በጣቱ ወስዶ ላሰ። ወረደ።

«ይኼን አልቆርጥም» አለ። «ከፈለጋችሁ ሌላ ሰው ጥሩ።»

አቶ ደሳለኝ የተቆረጠው እንጨት ላይ ተቀምጠው፣ ጽፈው በማያውቁት ፍጥነት፣ ጻፉ። ወይዘሮ ደስታነሽ በትከሻቸው ላይ ሆነው አነበቡት። ምሥራቁ ተቆርጦ፣ ለጣራ ስላልሆነ፣ ለማገዶ ተሰጥቷል፤ ምዕራቡ እስከ ትንሣኤ በዓል እንዲቆይ ተወስኗል።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ መጠበቅ ነው፤ መጠበቅ ደግሞ ለፈሪ ሰው ከሥራ ሁሉ ይከብዳል። ወይዘሮ ደስታነሽ እጣቢያቸውን ማፍሰሱን አላቋረጡም።

ዐርብ ጧት፣ ገና ፊታቸውን ሳይታጠቡ፣ በሩ ተንኳኳ። ብዙወርቅ ስትከፍት አቶ ደሳለኝ ናቸው፤ እያለከለኩ፣ ኮታቸውን ገልብጠው ለብሰው።

«እትዬን ጥሪልኝ!»

ወይዘሮ ደስታነሽ ክፉ ነገር መስሏቸው ራሳቸውን ይዘው ወጡ። «ወደቀ?»

አቶ ደሳለኝ ደብተራቸውን ከብብታቸው አውጥተው የሰኞው ቃለ ጉባኤ ያለበትን ገጽ ገለጡ። በመካከሉ፣ የአይጥ ጆሮ የምታክል፣ ጠጉራም፣ ቀላ ያለች አረንጓዴ ቅጠል ተኝታለች።

«በጧት በዚያ ላልፍ ብዬ ነው» አሉ፤ እንደ ሌባ አፍረው። «ማለቴ... በየጧቱ ሳልፍ አይ ነበር። አንድ ብቻ ነው የቆረጥኩት። ከቃለ ጉባኤው ጋር ይያያዛል።»

ወይዘሮ ደስታነሽ ቅጠሏን በመነጽር አዩ። አልዘመሩም፣ እልልም አላሉም። ወደ ሰማይ ተመለከቱ። ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው፤ የመዳፍ ያህል ደመና የለበትም።

«ዝናቡ እኮ ገና ነው» አሉ በሹክሹክታ። «ምን ሰምቶ ነው የተነሣው?»

ዝናቡ የመጣው ከዚያ በዐሥራ አንደኛው ቀን፣ በሰሙነ ሕማማት ሰኞ ነው። እንደ ልቡ የዘነበ አልነበረም፤ የሞተውን ከብት አላስነሣም፤ መሬቱን ግን አራሰ። ወይዘሮ ደስታነሽ ከሐምሌ ጀምሮ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የኖረውን ጃንጥላ አውርደው፣ ሦስተኛዋን ወይራ ከነቆርቆሮዋ ታቅፈው ወጡ። ከምዕራቡ ክንድ ትይዩ ጉድጓድ ሲቆፍሩ ዱቤ በአጥሩ ላይ አየቻቸው።

«አዴ ደስታ፣ ሐምሌ ደረሰ እንዴ?»

«ሂጂ ወዲያ! ጋና ነው!»

ከዚያ መሪጌታ ልጆቹን መልሰው ከቢሬሳው ሥር አስቀመጧቸው። ወለላ አዲስ ገበታ ይዛ በምዕራብ በኩል ተቀመጠች፤ አያቷ ምሥራቅ እንዳትሄድ አስምለዋታል፤ የሞተው ክንድ ከተወገደ ሰንብቷል ቢሏቸውም አልሰሙም። ራሳቸው ጃንጥላቸውን ዘርግተው ጎኗ ቆሙ፤ የሚወድቅ ነገር ቢኖር መጀመሪያ እሳቸውን እንዲያገኝ።

«እማማ» አለች ወለላ ቀና ብላ፣ «ቢሬሳው ሲተኛ ሕልም ያያል?»

ወይዘሮ ደስታነሽ ቅጠሎቹን አዩ። ከዚያ ወደ ግንቡ ጥግ ዞረው «የኔታ፣ ጥያቄ አለን!» ብለው ተጣሩ።